የትናንቱ ዋጋ የትኛው ነው? የአክሲዮን የዋጋ ታሪክን ስለ ማንበብና ስለ መጠቀም

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ዛሬ የምናገረው ብዙ ሰው ቀላል መስሎት ስለሚያልፈው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ባለፉት ዓመታት በስንት ሲሸጥና ሲገዛ እንደቆየ የሚያሳየውን የዋጋ መዝገብ ስለ ማንበብ ነው። ይህ መዝገብ ቀድሞ በባንኮች፣ በደላሎችና በምርምር ተቋማት እጅ ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ስልክ የያዘ ማንኛውም ሰው የአንድን ትልቅ ኩባንያ የአርባና የሃምሳ ዓመት ዋጋ በደቂቃ ውስጥ አውጥቶ መመልከት ይችላል። ይህ መልካም ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ቁጥሩ እንዲህ በቀላሉ መገኘቱ ምንነቱን የመጠየቅ ልማድ እያጠፋብን መሆኑ ነው። ያለፈ ነገር አይለወጥምና የትናንት ዋጋም አንድ ጊዜ ተጽፎ ያለቀለት ይመስለናል። በእርግጥ ገዢና ሻጭ የተስማሙበት ዋጋ አይለወጥም፤ በመዝገቡ ላይ የምናየው ቁጥር ግን ይለወጣል፤ ለዚያውም በተደጋጋሚ። ከመቀጠሌ በፊት፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ላሳውቅ።

ነገሩን በምሳሌ ልጀምር። አፕል አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያቀረበው ዲሴምበር 12 ቀን 1980 ሲሆን፣ የአንዱ አክሲዮን መሸጫ ዋጋ 22 ዶላር ነበር። የዚያ ዕለት ግብይት የተዘጋው ደግሞ በ28 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። አሁን የዚያን ዕለት የመዝጊያ ዋጋ በተለመዱት የመረጃ ምንጮች ብትፈልጉ የምታገኙት ግን 0.128 ዶላር ገደማ፣ ማለትም 13 ሳንቲም የማይሞላ ቁጥር ነው። ከሁለቱ አንዱም ስህተት አይደለም። የመጀመሪያው በዚያን ቀን ገንዘብ የተከፈለበት ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ያ ዋጋ በዛሬው የአክሲዮን ቁጥር ልክ ተቀይሮ ሲጻፍ የሚሰጠው ቁጥር ነው።

ልዩነቱን የፈጠረው በገበያው ቋንቋ ስፕሊት የሚባለው አሠራር ነው። ኩባንያው እያንዳንዱን አክሲዮን ወደ ሁለት፣ ወደ አራት ወይም ከዚያ ወደሚበልጥ ቁጥር ይከፍለዋል፤ የባለአክሲዮኑ የአክሲዮን ብዛት በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የአንዱ ዋጋም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባለቤቱ በኩባንያው ውስጥ ያለው ድርሻ ግን አይነካም። አፕል በ1987፣ በ2000 እና በ2005 አክሲዮኑን በየጊዜው አንዱን ወደ ሁለት፣ በ2014 አንዱን ወደ ሰባት፣ በ2020 ደግሞ አንዱን ወደ አራት ከፍሏል። እነዚህ እርስ በርስ ሲባዙ 224 ይሆናሉ። ስለዚህ በ1980 አንድ አክሲዮን ገዝቶ ሳይሸጥ የቆየ ሰው ዛሬ 224 አክሲዮን አለው፤ 28.75 ለ224 ሲካፈል ደግሞ በመዝገቡ ላይ ያየነውን 0.128 ይሰጣል።

ይህ ማስተካከያ ባይደረግ ምን እንደሚፈጠር ለማየት የመጨረሻውን ክፍፍል ብቻ እንውሰድ። ዓርብ ኦገስት 28 ቀን 2020 የአፕል አክሲዮን በ499 ዶላር ከ23 ሳንቲም ተዘጋ፤ ሰኞ ኦገስት 31 ቀን በ127 ዶላር ገደማ ተከፈተ። ማስተካከያ ያልተደረገበትን ሰንጠረዥ የሚመለከት ሰው ኩባንያው በአንድ ቅዳሜና እሁድ ውስጥ የዋጋውን ሦስት አራተኛ ያጣ ይመስለዋል። የዓርቡ ዋጋ ለአራት ሲካፈል ግን 124 ዶላር ከ81 ሳንቲም ነው፤ አክሲዮኑ በሰኞው መክፈቻ እንዲያውም ጨምሮ ነበር። ተቃራኒውም ይከሰታል። ሲቲግሩፕ በሜይ 2011 አሥር አክሲዮኖችን ወደ አንድ ሲጠቀልል የአንዱ ዋጋ ከ4 ዶላር ተኩል ገደማ ተነሥቶ ወደ 45 ዶላር ገደማ ዘለለ፤ ማንም ግን በዚያ ቀን አሥር እጥፍ አላተረፈም። ጀነራል ኤሌክትሪክም በ2021 ስምንቱን ወደ አንድ ጠቅልሏል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የሆነ ግዙፍ ዝላይ ወይም ግዙፍ ውድቀት ስታዩ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዜና ተሰማ?» ሳይሆን «በዚያ ቀን ክፍፍል ወይም ጥቅለላ ነበር ወይ?» የሚለው ይሁን።

ሁለተኛው ማስተካከያ ይበልጥ ረቂቅ ነው፤ እኔም ጊዜዬን በዚህ ላይ ለማጥፋት የምፈልገው ብዙ ጥንቁቅ ሰው እንኳ ሲሳሳትበት ስላየሁ ነው። ኩባንያው ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ ሲከፍል ገንዘቡ ከኩባንያው ካዝና ወጥቶ ወደ ባለቤቶቹ ይገባል። ከዚህ ቀን ጀምሮ የሚገዛ ሰው ድርሻውን አያገኝም ተብሎ የሚወሰን አንድ ቀን አለ፤ በዚያ ቀን ጠዋት አክሲዮኑ በትርፍ ድርሻው ልክ ቀንሶ መከፈቱ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ገዢው የሚገዛው ያ ገንዘብ የወጣበትን ኩባንያ ነው። ማይክሮሶፍት በ2004 መጨረሻ፣ አክሲዮኑ ወደ 30 ዶላር በሚሸጥበት ወቅት፣ ለአንድ አክሲዮን 3 ዶላር ልዩ የትርፍ ድርሻ ከፍሏል። በዋጋው ሰንጠረዥ ላይ ድርሻው ከዋጋው የተነሣበት ቀን እንደ መጥፎ ቀን ይታያል፤ ባለአክሲዮኑ ግን በዋጋው ያጣውን በእጁ ተቀብሏል።

ይህን ለማረም መረጃ አቅራቢዎች የተስተካከለ የመዝጊያ ዋጋ የሚባል ሌላ ዓምድ ያዘጋጃሉ። ስሌቱ እንዲህ ነው። አክሲዮኑ በ100 ዶላር ከተዘጋ በኋላ በማግስቱ የ2 ዶላር የትርፍ ድርሻ ቢነሣለት፣ ከዚያ ቀን በፊት የነበሩት ዋጋዎች ሁሉ በ0.98 ይባዛሉ። ከዓመታት በፊት 50 የነበረው 49 ይሆናል። ቀጣዩ ክፍያ ሲመጣ እንደገና ይባዛሉ፤ ቀጥሎም እንደገና። በየሦስት ወሩ የዋጋውን አንድ በመቶ ብቻ የሚከፍል ኩባንያ ብናስብ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጥንት 100 ዶላር የነበረው ዋጋ በተስተካከለው ዓምድ ላይ 30 ዶላር ገደማ ሆኖ ይገኛል፤ በመካከል አንድም ክፍፍል ባይኖር እንኳ። ይህ ቁጥር የተሠራው አንድ ነገር ለማሳየት ብቻ ነው፤ ይኸውም ባለአክሲዮኑ የተቀበለውን የትርፍ ድርሻ ሁሉ መልሶ በዚያው አክሲዮን ላይ ቢያውለው ገንዘቡ በስንት እጥፍ ያድግ እንደነበር ነው። ለዚህ ጥያቄ ከእሱ የተሻለ ቁጥር የለም። ለሌሎች ጥያቄዎች ግን አሳሳች ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው ይህ ነው፦ የዋጋ መዝገብ ሦስት ዓይነት መሆኑን ሳያውቁ መዝገቡን መክፈት አደገኛ ነው። አንደኛው በዕለቱ በትክክል የተከፈለው ያልተስተካከለ ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ለክፍፍል ብቻ የተስተካከለው ነው፤ ሦስተኛው ለክፍፍልም ለትርፍ ድርሻም የተስተካከለው ነው። ችግሩን የሚያብሰው ደግሞ ብዙ አቅራቢዎች «የመዝጊያ ዋጋ» ብለው በሰየሙት ዓምድ የሚሰጡት ሁለተኛውን መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አንባቢው ጥሬውን ዋጋ ያየ እየመሰለው የተሠራበትን ያያል።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው «ከአንድ ዶላር በታች የሚሸጡ አክሲዮኖችን ብገዛ ኖሮ ምን አተርፍ ነበር?» ብሎ በአሮጌ መረጃ ላይ ሊፈትን ይነሣል እንበል። የተስተካከለውን መዝገብ ከተጠቀመ አፕልን በ1980 በ13 ሳንቲም ያገኘዋል፤ ትርፉም አስደናቂ ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ዓመት አፕልን በ13 ሳንቲም መግዛት የቻለ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ፈታኙ ሳያውቀው የተጠቀመበት መረጃ የ2020ውን ክፍፍል በውስጡ የያዘ ነው፤ ወደፊት ብዙ ጊዜ የሚከፋፈለው ደግሞ ዋጋው ብዙ የሚያድግ ኩባንያ ስለሆነ፣ ፈተናው አሸናፊዎቹን አስቀድሞ መርጦ ሰጥቶታል። ሌላው ሰው የኩባንያውን ጠቅላላ የገበያ ዋጋ ለማግኘት የዚያን ዘመን የአክሲዮን ብዛት ከሰነድ አውጥቶ በተስተካከለ ዋጋ ያባዛዋል፤ ውጤቱ 224 ጊዜ ያነሰ ይሆናል። ሦስተኛው በድሮ ዓመታዊ ሪፖርት ላይ የታተመውን የአንድ አክሲዮን ትርፍ ከተስተካከለ ዋጋ ጋር ያነጻጽርና አክሲዮኑ በነጻ የሚታደል ያህል ርካሽ ነበር ብሎ ይደመድማል። እነዚህ ሁሉ ስሌታቸውን በትክክል የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ የተሳሳቱት ሁለት የተለያዩ መለኪያዎችን በማደባለቃቸው ነው።

የያዛችሁት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ የቁጥሩን ጅራት ተመልከቱ። የአሜሪካ ገበያዎች ዋጋን በሳንቲም መጻፍ ጀምረው ያጠናቀቁት በ2001 ነው። ከዚያ በፊት ዋጋ የሚጠራው በክፍልፋይ ነበር፤ እስከ 1997 በአብዛኛው በአንድ ስምንተኛ፣ ከዚያ በኋላ በአንድ አሥራ ስድስተኛ ዶላር። ስለዚህ የ1985 ዋጋ 28.75 ወይም 31.125 ከሆነ በእርግጥ የተገበያዩበት ሊሆን ይችላል፤ 0.128348 ከሆነ ግን ማንም በዚያ ዋጋ አልተገበያየም። ሌላው ምልክት ያው መዝገብ በተለያየ ጊዜ ሲወርድ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ባለፈው ዓመት አውርዳችሁ ያስቀመጣችሁትን ዛሬ ካወረዳችሁት ጋር ብታስተያዩና የአሮጌዎቹ ቀናት ዋጋ ሁሉ በተመሳሳይ ምጣኔ ቀንሶ ብታገኙ፣ በመካከል የትርፍ ድርሻ ተከፍሏል ወይም ክፍፍል ተደርጓል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ፋይል ስታስቀምጡ ያወረዳችሁበትን ቀንና የአቅራቢውን ስም አብራችሁ እንድትጽፉ አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ ሌሎቹ ዓምዶች በአጭሩ ልለፍ። የመክፈቻ ዋጋ፣ የዕለቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ፣ የመዝጊያ ዋጋ፣ እንዲሁም እጅ የለወጡ አክሲዮኖች ብዛት በየቀኑ ይመዘገባሉ። ከእነዚህ የመዝጊያው ዋጋ የበለጠ ይታመናል፤ በትላልቆቹ ገበያዎች ብዙ ትእዛዝ በአንድነት በሚጣጣምበት የመዝጊያ ጨረታ ስለሚወሰን ነው። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ግን አንድ እንግዳ ግብይት ብቻ ሊፈጥራቸው ይችላል። ሜይ 6 ቀን 2010 የአሜሪካ ገበያ በደቂቃዎች ውስጥ ወድቆ ሲነሣ፣ የአክሰንቸር አክሲዮን ለቅጽበት በአንድ ሳንቲም ተሽጧል፤ እንዲህ ያሉት ግብይቶች በኋላ ተሰርዘዋል። በዕለቱ ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ «እዚህ ላይ ብገዛ ኖሮ» የሚል ሰው ይህን ያስብ።

ከቁጥሩ ወደ ስሙ እንሻገር፤ መዝገቡ የማን እንደሆነም መጠየቅ አለብንና። የዋጋ ታሪክ የሚጠራው በገበያ ላይ ባለው አጭር የፊደል ምልክት ነው፤ ምልክቱ ግን ከባለቤት ወደ ባለቤት ያልፋል። ኤስቢሲ የተባለው የስልክ ኩባንያ በ2005 ቀድሞ ኤቲ ኤንድ ቲ ይባል የነበረውን ኩባንያ ገዝቶ ስሙንም ምልክቱንም ወሰደ። ዛሬ በዚያ ስም የ1990 ዋጋ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የገዢውን የኤስቢሲን ታሪክ እንጂ የተገዛውን የአሮጌውን ኩባንያ አይደለም። የጀነራል ሞተርስ ደግሞ ይብሳል። አሮጌው ኩባንያ ጁን 1 ቀን 2009 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የባለአክሲዮኖቹም ገንዘብ ጠፋ። በኖቬምበር 2010 በዚያው ስም አዲስ ኩባንያ አክሲዮኑን በ33 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። ዛሬ የጀነራል ሞተርስን ሰንጠረዥ የሚከፍት ሰው መስመሩ ከ2010 ጀምሮ ያገኘዋል፤ ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ ያጡት ሰዎች በዚያ ሰንጠረዥ ላይ የሉም።

ይህ አለመኖር ከግለሰብ ኩባንያ አልፎ ገበያውን በሙሉ ያዛባል። ዛሬ በገበያ ያሉትን ኩባንያዎች ዘርዝሮ ያለፉትን ሠላሳ ዓመታት ዋጋቸውን የሚያጠና ሰው፣ የከሰሩትንና የተሰረዙትን አስቀድሞ ከጥናቱ አውጥቷል። በ2000 እስከ 90 ዶላር ገደማ ተሽጦ በዲሴምበር 2001 ለኪሳራ የበቃው ኤንሮን በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም፤ በሴፕቴምበር 2008 የወደቀው ሊማን ብራዘርስም አይገኝም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1960 የተቋቋመው የአክሲዮን ዋጋ ምርምር ማዕከል ሥራውን የጀመረው ይህን ጉድለት ለመሙላት በሚመስል ጥንቃቄ ነው፤ ከ1926 ጀምሮ በኒው ዮርክ ገበያ የነበሩትን ተራ አክሲዮኖች፣ የጠፉትንም ጨምሮ፣ ከነትርፍ ድርሻቸውና ከነክፍፍላቸው ሰበሰበ። ያ አድካሚ ሥራ ባይሠራ ኖሮ አክሲዮን በረጅም ጊዜ ምን ያህል እንደሚያተርፍ በእርግጠኝነት መናገር ባልተቻለ ነበር፤ ለእኔም በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ እጅግ የማከብረው ሥራ ነው።

ትክክለኛውን መዝገብ ይዘናል ብለን እንነሣ። አሁን ማንበብ ይጀመራል፤ እዚህ ላይ ዓይናችን ራሱ ያሳስተናል። በተለመደው ሰንጠረዥ ከ10 ወደ 20 ዶላር የሄደው መንገድና ከ100 ወደ 110 የሄደው መንገድ እኩል ቁመት አላቸው፤ የመጀመሪያው ግን ገንዘብን በእጥፍ ያሳደገ ሲሆን ሁለተኛው አሥር በመቶ ብቻ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች እኩል የመቶኛ ለውጥን በእኩል ቁመት የሚያሳየውን የሎጋሪዝም መለኪያ የመምረጥ ዕድል ይሰጣሉ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ስትመለከቱ እሱን ምረጡ፤ ያለዚያ የቅርቡ ጊዜ ተራራ፣ የጥንቱ ጊዜ ሜዳ ሆኖ ይታያችኋል።

መቶኛም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ዓመት 50 በመቶ ጨምሮ በቀጣዩ 50 በመቶ የቀነሰ አክሲዮን በአማካይ ዜሮ ነው ሊባል ይችላል፤ በእውነቱ ግን 100 የነበረው 75 ሆኗል። ውድቀት ሲከፋ ልዩነቱ ይሰፋል። የዳው ጆንስ ኢንዴክስ፣ ማለትም የትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልለው መለኪያ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1929 በ381.17 ተዘግቶ ነበር፤ ጁላይ 8 ቀን 1932 በ41.22 ተዘጋ። 89 በመቶ ወደቀ ማለት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቀድሞው ከፍታ ለመመለስ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ መሆን ነበረበት። የተመለሰውም በኖቬምበር 1954 ነው። ይህ ሃያ አምስት ዓመት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ሳይጨመርበት መጠቀሱን አልወደውም። ኢንዴክሱ የትርፍ ድርሻን አይቆጥርም። በእነዚያ ዓመታት የትርፍ ድርሻ ከፍ ያለ ስለነበር፣ የተቀበለውን መልሶ ያዋለ ሰው ከ1954 ብዙ ዓመታት ቀድሞ ወደ ነበረበት ተመልሷል። የጃፓኑ ኒኬይ 225 በ1989 የመጨረሻ የግብይት ቀን በ38,915.87 ተዘግቶ፣ ያን ከፍታ ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። እዚህም የትርፍ ድርሻው ቢጨመር የጠበቁት ዓመታት ያጥራሉ። የጃፓኑ ምሳሌ በይበልጥ የሚያስተምረኝ ስለ መነሻ ቀን ነው፤ ከ1989 የሚነሣና ከ2012 የሚነሣ ሰው ስለዚያው ገበያ ሁለት ተቃራኒ ታሪክ ይነግሩናል። ስለዚህ አንድ ሰው የዕድገት ቁጥር ሲያቀርብላችሁ ለምን ከዚያ ቀን እንደጀመረ ጠይቁት፤ ራሳችሁም የምትመረምሩትን በበርካታ መነሻ ቀናት ደጋግማችሁ ስሉ። የዋጋ ግሽበትም ከዕድገቱ ላይ ተቀናሽ መሆን እንዳለበት እዚሁ ላይ ላንሣ፤ አክሲዮን በየትኛውም ገንዘብ ይገመት፣ የዚያ ገንዘብ የመግዛት አቅም በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያው አይሆንም።

ይህ ሁሉ ታሪክ ነገን ይነግረን ይሆን? በጥያቄ ሰዓት ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ አስቀድሜ አቋሜን ልግለጽ። ያለፈ ዋጋ ብቻውን የነገን ዋጋ አቅጣጫ ይነግራል ብዬ አላምንም። አንድ አክሲዮን ምን ያህል እንደሚዋዥቅ፣ በክፉ ጊዜ ምን ያህል ሊወድቅ እንደሚችል፣ ከገበያው ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ግን ከእሱ መማር ይቻላል። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ግማሹን ያጣ አክሲዮን የሚገዛ ሰው፣ ሦስተኛው ሲመጣ ሳይሸጥ መቆየት ይችል እንደሆነ ዋጋው ጸጥ ባለበት ወቅት ራሱን መጠየቅ ይችላል።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይልቅ ተራ ሰውን የሚነካው ነው። ወላጅ ያረፈበት ሰው በአሮጌ ወረቀቶች መካከል የአክሲዮን ምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ወረቀቱ 100 አክሲዮን ይላል፤ የተገዛበት ቀንም ተጽፎበታል። መጀመሪያ ኩባንያው ዛሬ በምን ስም እንዳለ ይጣራ፤ ተሸጦ፣ ተዋሕዶ ወይም ወደ ተለያዩ ኩባንያዎች ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ጀነራል ኤሌክትሪክን የያዘ ሰው በ2023 ለየሦስቱ አክሲዮን አንድ የጂኢ ሄልዝኬር፣ በ2024 ለየአራቱ አንድ የጂኢ ቨርኖቫ አክሲዮን ተሰጥቶታል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ይህ አይነበብም። ቀጥሎ ከተገዛበት ቀን ወዲህ ያሉት ክፍፍሎችና ጥቅለላዎች በሙሉ ተዘርዝረው ይባዙ። ከዚያ ለግብር ስሌት የሚያስፈልገው ዋጋ ይፈለግ፤ ይህም እንደየአገሩ ሕግ የተገዛበት ቀን ወይም ባለቤቱ ያረፈበት ቀን ዋጋ ሊሆን ይችላል። የትኛውም ቀን ይሁን፣ የሚያስፈልገው ያልተስተካከለው ዋጋ በዚያ ቀን ከነበረው የአክሲዮን ብዛት ጋር ነው፤ ወይም ለክፍፍል ብቻ የተስተካከለው ዋጋ ከዛሬው ብዛት ጋር። ለትርፍ ድርሻ የተስተካከለው ዋጋ እዚህ ምንም ቦታ የለውም፤ ወጪውን ከእውነተኛው አሳንሶ ስለሚያሳይ ወራሹ ያላተረፈውን ትርፍ እንዳተረፈ ያስቆጥረዋል። ወረቀቱ በ1980 በመሸጫው ዋጋ የተገዛ የአፕል አክሲዮን ቢሆን፣ 100 በ22 ዶላር 2,200 ዶላር ነው፤ 22,400 አክሲዮን በ22 ሲካፈል ለ224 ዶላርም ያው 2,200 ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቁጥር ላይ ካልተገናኙ፣ ከክፍፍሎቹ አንዱ ተረስቷል ማለት ነውና ዝርዝሩ እንደገና ይፈተሽ።